ሆድ ያልፈጀው ሐዘን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ አዘጋጆች፤

ጋዜጣችሁን ከወጣትነቴ ጀምሮ ሳላቋርጥ አነባለሁ። ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ጽፌላችሁ ነበር፤ አንዱ ስለ ውኃ መቋረጥ፣ ሁለተኛው ስለ ታክሲ ሰልፍ ነበር። ዛሬ የምጽፈው በገዛ ቤቴ ስለደረሰ ነገር በመሆኑ ብዙ ወራት አመንትቻለሁ። ብዕሬን ያነሣሁት ባለፈው ሳምንት በዕድራችን ስብሰባ ላይ አንድ የማከብራቸው አባል ስለ አንድ ሐዘንተኛ ሲናገሩ «የሚስቱን አርባ አውጥቷል፤ አሁንስ ሊበቃው ይገባል» ሲሉ ሰምቼ ዝም ብዬ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው።

ባለቤቴ ያረፈችው በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ነው። 26 ዓመት በትዳር ኖረናል። ቤታችን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይገኛል። ሕመሟ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም፤ ማስታመሙን ሳንለምደው ቀብር ላይ ደረስን። ሥርዓተ ቀብሯ በዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። ዕድሩ ድንኳኑን ተከለ፣ አግዳሚ ወንበሩን ደረደረ፣ ሴቶቹ ድስት ጣዱ፤ ሠልስቱ እስኪወጣ ድረስ ቤቱን ሌሊትም ቀንም ሰው አልተለየውም። በዚያ ሦስት ቀን ጎረቤቶቼ የዋሉልኝን ውለታ እስክሞት አልረሳውም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ወጣቶቹ መጥተው ድንኳኑን ነቀሉ፤ ካስማዎቹ የነበሩበት ቦታ በግቢው ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። ማንም አልደፈናቸውም፤ እኔም አልደፈንኋቸውም። በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስወጣ እነዚያን ጉድጓዶች ላለመርገጥ ዳር ዳሩን እየዞርሁ አልፍ ነበር።

«ሆድ ይፍጀው» የሚለውን አባባል የማያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ጥላሁን ገሠሠ በአንገቱ ላይ ስለደረሰበት ጉዳት ሲጠየቅ በዚህችው ቃል እንዳለፈው እናውቃለን፤ ሕዝቡም ቃሏን እንደ ጨዋነት ቆጥሮ ተቀብሏታል። እኔም ያደግሁት በዚሁ ነው። አባቴ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። በእኛ ዘንድ ሆደ ሰፊ መባል ምስጋና ነው፤ ሆደ ቡቡ መባል ግን ለወንድ ልጅ ነቀፋ ነው። ስለዚህ ሰዎች «እንዴት ነህ?» ሲሉኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ «በርታ» ሲሉኝ «እበረታለሁ» እላለሁ፤ ማታ በሬን ዘግቼ ስገባ ደግሞ ሁሉን ለሆዴ አስረክባለሁ። ሆድ ግን የተሰጠውን ሁሉ አይፈጅም። ይህን የተማርሁት ሆዴን ራሱን አሞኝ ነው።

በጥር ወር ጨጓራዬን ያቃጥለኝ ጀመር። ምግብ ቀመስ ሳደርግ ይነደኛል፣ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ያለ ይመስለኛል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስነቃ ዳግመኛ እንቅልፍ የሚባል የለም። ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድሁ፤ ተመረመርሁ፣ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጠኝ። አልተሻለኝም፤ ተመልሼ ሄድሁ፣ መድኃኒቱ ተቀየረ። ሦስተኛ ጊዜም ሄድሁ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ነገር ግን ሦስቱንም ጊዜ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሼ ነበር፤ በአገራችን ጥቁር የለበሰ ሰው ምን እንደደረሰበት ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ከመርማሪዎቹ መካከል «ማን ሞተብዎት?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልነገርኋቸውም፤ ጨጓራዬን ለሚያክሙ ሰዎች የቤቴን ሐዘን ማውራት ነውር መስሎኝ ነበር።

ዕለቱን በትክክል አስታውሰዋለሁ፤ የዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ካለው መቀመጫ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ ነበር። ረዳቱ «ሒሳብ» አለኝ። እጄን ወደ ኪሴ ሰደድሁ። ገንዘቡ በጣቶቼ መካከል አለ፤ ግን እጄን ከኪሴ ማውጣት አልቻልሁም። ረዳቱ ደግሞ «ፋዘር፣ ሒሳብ» አለ። አፌን ስከፍት ድምፅ አልወጣ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ወር ያልወጣው ዕንባ በታክሲው ሰው ሁሉ ፊት ወረደ። አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ የእኔን ሒሳብ ከፈለችልኝና እስክወርድ ድረስ ክርኔን ይዛ ተቀመጠች። ምንም አላለችኝም። «አይዞዎት» እንኳ አላለችም። ከዚያ ቀን በኋላ አግኝቻት አላውቅም፤ ይህን ጋዜጣ የምታነብ ከሆነ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብያለሁ።

በመጋቢት ወር ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። በፒያሳ ዙሪያ የነበሩ ሠፈሮች በልማት ምክንያት መነሣት ሲጀምሩ ከዕድራችን አባላት ብዙዎቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዱ። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራ ሲሄዱም ተመሳሳይ ነገር ከወዳጆቼ ሰምቻለሁ። ስለ ልማቱ ክርክር ለመክፈት አልጽፍም፤ አዲሱ ቤታቸው የተመቻቸው ሰዎችም አሉና። ነገር ግን ለሐዘንተኛ ሰው ጎረቤት ማለት በደወሉለት ጊዜ የሚመጣ ሰው ብቻ አይደለም። ሳይጠራ በር ገፍቶ የሚገባ፣ ብረት ድስቱ ባዶ መሆኑን በዓይኑ አይቶ የሚመለስና ከሰዓት በኋላ እንጀራ በሞሰብ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ያንን አጣሁት። በየማታው ከቤቴ ፊት ለፊት ይበራ የነበረው የጎረቤቴ መብራት ሲጠፋ ባለቤቴ ዳግመኛ የሞተችብኝ መሰለኝ።

የመጀመሪያውን እርምጃ ያስጀመረችኝ እህቴ ናት፤ እጄን ይዛ በክፍለ ከተማችን ወዳለ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። እዚያ ያገኘኋት ሲስተር ገና ወጣት ነበረች። ስለ ጨጓራዬ ካዳመጠችኝ በኋላ ልብሴን አየችና «አባቴ፣ ማንን ነው ያጡት?» አለችኝ። ቀጥላ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉበት አንድ ወረቀት አወጣች። ጥያቄዎቹ ሁሉ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ ናቸው፤ ደስ ያሰኘኝ የነበረው ነገር ጣዕም አጥቶብኝ እንደሆነ፣ እንቅልፌ፣ ምግቤ፣ ድካሜ፣ ሐሳቤን መሰብሰብ መቻል አለመቻሌ፣ ለእያንዳንዱም ከ«ፈጽሞ የለም» እስከ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» መልስ እሰጣለሁ። ዘጠነኛው ጥያቄ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ እንደሆነ ይጠይቃል። እዚያ ስትደርስ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቴ አየችኝና በቀስታ ጠየቀችኝ። «አዎን፣ አንዳንድ ቀን» አልኋት። አልደነገጠችም፤ አልገሠጸችኝም፤ ኃጢአት ነው ብላም አልሰበከችኝም። «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ ይህንን ለብቻዎ አይሸከሙትም» አለችና ወደ ጤና መኮንኑ ክፍል አብራኝ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ እህቴ ከእኔ ዘንድ እንድታድር ተነጋገርን፤ በየሳምንቱም እየተመለስሁ እንድታይ ቀጠሮ ተያዘልኝ።

ይህንን በዝርዝር የጻፍሁት ምክንያት አለኝ። በሠፈራችን ስለ አእምሮ ሕክምና ሲነሣ ሰዉ የሚያውቀው አንድ ስም ብቻ ነው፤ «አማኑኤል ገባ» ይባላል፤ የሚባለውም ድምፅን ዝቅ አድርጎ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ስንቱን ቤተሰብ ያሳረፈ ቤት ነው፤ ስሙ እንደ ፍርድ መጠራቱ ያሳዝነኛል። ዛሬ ግን ልቡ የተሰበረ ሰው ሁሉ ወደ ልዩ ሆስፒታል መሄድ አያስፈልገውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባስጀመረው መርሐ ግብር ይህ ሕክምና በጤና ጣቢያ ደረጃም እንዲሰጥ ሲመክር ቆይቷል፤ በአገራችንም ነርሶችና ጤና መኮንኖች ለዚህ ሠልጥነዋል። እኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ሦስት ወር የጨጓራ መድኃኒት አልውጥም ነበር።

ፍሎክሰቲን የሚባል መድኃኒት ተሰጠኝ። ጤና መኮንኑ ለውጡ የሚሰማኝ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ እንደሆነ፣ ሲሻለኝም በራሴ ፈቃድ ማቋረጥ እንደሌለብኝ ደጋግሞ አስረዳኝ። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ቀናት አስቸጋሪ ነበሩ፤ ምንም የተለወጠ ነገር ስለሌለ ልተወው ፈልጌ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ተኝቼ ስነቃ የሥላሴ ደወል ሲደወል ሰማሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሰዓት ሳልቆጥር ያደርሁበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። የንስሐ አባቴን «ጠበልስ ልተው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ለምን ትተዋለህ? ጠበሉንም ውሰድ፣ ኪኒኑንም ውሰድ፤ ሁለቱንም የፈጠረ አንድ ነው» አሉኝ። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከሽሮ ሜዳ ተነሥቼ ወደ እንጦጦ ማርያም በእግሬ እወጣ ጀመር። ባሕር ዛፉ መካከል ስደርስ ትንፋሼን ለመሰብሰብ እቆማለሁ፤ ከተማው ከታች ይታያል፣ የእኛ ሠፈር የትኛው እንደሆነ አልለየውም። ያ አለመለየቴ ለምን እንዳሳረፈኝ ዛሬም በቃላት ላስረዳ አልችልም።

ነገር ግን ከመድኃኒቱም ከዳገቱም ይልቅ ያዳነኝን ሰው ገና አልነገርኋችሁም። የዕድራችን ጸሐፊ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ከሠፈራችን ከተነሡት መካከል ናቸውና ዛሬ የሚኖሩት ሩቅ ነው፤ ወደ እኔ ለመምጣት ሁለት ታክሲ ይለዋወጣሉ። በግንቦት ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሬን አንኳኩተው ገቡና ካቦርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፤ እንደልማዴ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኋቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፣ የመጨረሻዋን ቀን ንገረኝ» አሉኝ።

ያ ሁሉ ሰው ቤቴ ገብቶ ሲወጣ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። ሁሉም በፍቅር ቢሆንም የሚሉኝ ተቃራኒውን ነበር፤ «አታስታውሰው»፣ «ሌላ ወሬ እናውራ»፣ «አልበሟን ከፊትህ አንሣው»። እኚህ ሰው ግን ንገረኝ አሉ። ነገርኋቸው። ጠዋት ተነሥታ ውኃ እንደጠየቀች፣ የትራሱን ልብስ ቀይርልኝ እንዳለች፣ እኔ ቆይ ከሥራ ስመለስ ብዬ እንደወጣሁ ነገርኋቸው። ይህን የትራስ ልብስ ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁትም ነበር፤ ስድስት ወር ሙሉ ጨጓራዬ ውስጥ የነበረው እሱ ነው። አላጽናኑኝም፤ «አንተ ምን ታደርግ ነበር» አላሉኝም። «ከዚያስ?» አሉኝ። ቀጠልሁ። ሲመሽ ተነሡና የመጨረሻ ታክሲ እንዳያመልጣቸው ተቻኩለው ሄዱ፤ በሩ ላይ ቆም ብለው «የሚቀጥለው ቅዳሜም እመጣለሁ» አሉኝ። መጡም።

እንግዲህ በስብሰባው ላይ ለሰማሁት ቃል ያለኝ መልስ ከዚህ የተነሣ ነው። አባቶቻችን ሐዘንን በሦስት ቀን አልጨረሱትም። የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት ያየን እንደሆነ ሠልስት አለ፣ ሰባት አለ፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት አለ። እነዚህ ቀናት ለሟች ነፍስ ጸሎት የሚደረግባቸው መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቀኖቹ ሕያዋኑንም እየመለሱ ሐዘንተኛው ደጅ ላይ ያቆሙ ነበር። በሙስሊም ጎረቤቶቼ ዘንድም ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን የምትቆይበት ሥርዓት አለ። የዛሬው ሕክምናም ከዚህ አልራቀም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር ሐዘን ከመጠን አልፎ ሕመም ሆነ ለማለት ቢያንስ ስድስት ወር እንዲያልፍ ይጠይቃል፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት መመሪያ ደግሞ ለአዋቂ ሰው አንድ ዓመት ብለዋል። መንፈቅና ሙት ዓመት ማለት አይደለምን? ይህን ባነበብሁ ጊዜ ቆሜ ነው ያነበብሁት። ከዚህ ወዲያ ግን አንድ ሰው ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ፣ ምግብና ደስታ ጠፍቶበት ከተዋጠ፣ ሐዘንም ይኑርበት አይኑርበት፣ ቀን ሳይቆጥር መታየት እንዳለበት እኔው ምስክር ነኝ።

በየዓመቱ የካቲት 12 ስድስት ኪሎ በሚገኘው የሰማዕታት ሐውልት ሥር አበባ ይቀመጣል። በ1929 ዓ.ም. ያለቁትን ወገኖቻችንን «አሁንስ ይበቃል» ብለን አልተውናቸውም፤ ማንም ይህን ድክመት አይለውም። አገር ለሐዘኑ ይህን ያህል ዘመን ካገኘ፣ አንድ ሰው በቤቱ ለሞተችበት ሚስቱ ከአርባ ቀን በላይ ቢጠይቅ ምን ይገርማል?

የምለምነው ጥቂት ነገር ነው፤ በመጀመሪያ ዕድሮችን። የዕድር መዝገብ ላይ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ገንዘብ ይመዘገባል፤ ሐዘንተኛው መቼ መቼ እንደተጠየቀ ግን አይመዘገብም። ለእያንዳንዱ ሐዘን ሁለት አባላት ቢመደቡና በአርባው፣ በሰማንያው፣ በመንፈቁና በዓመቱ እየሄዱ አንድ ሰዓት እንኳ ቢቀመጡ፣ ወደ ሩቅ ሠፈር የሄዱትንም ለትራንስፖርት ከዕድሩ ገንዘብ ተሰጥቷቸው ቢጠይቁ፣ ከድንኳን ኪራይ የሚበልጥ ወጪ የለውም። የእኛ ዕድር ነገሩን በሚቀጥለው ስብሰባ ሊያየው ቃል ገብቷል። ጋዜጣችሁን ደግሞ በየክፍለ ከተማው የትኞቹ ጤና ጣቢያዎች ይህን አገልግሎት በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚሰጡ ጠይቃችሁ እንድታትሙ እለምናለሁ፤ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን መስከረም 30 ሲሆን ብቻ ሳይሆን በየወሩ፣ የመድኃኒት ቤት ተረኞችን ዝርዝር እንደምታወጡት ሁሉ። ሰው በዓይኑ ያየውን አድራሻ ቆርጦ ኪሱ ያስገባል። «እብድ» የሚለውን ቃል ከወንጀል ዜና ርእስ ላይ ብታነሡልንም ውለታችሁ ትልቅ ነው፤ ቃሉ ሐኪም ቤት ለመሄድ ያመነታን ሰው ከደጃፍ የሚመልስ ነውና።

ስለ እኔ ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ካለ፣ ጥቁሬን ከሙት ዓመቱ በኋላ አውልቄያለሁ፤ መድኃኒቱንም ከሐኪሜ ጋር ተማክረን ቀስ በቀስ ቀንሰን አቁመነዋል። ሐዘኔ አልጠፋም። አንዳንድ ጊዜ በአራት ኪሎ አደባባይ ስሻገር በዕድሜዋ ያለች ነጠላ የለበሰች ሴት ከኋላዋ ካየሁ ልቤ ይዘላል። ነገር ግን ያን ጊዜ ቆሜ ስሟን በልቤ እጠራና መንገዴን እቀጥላለሁ፤ ቀድሞ ግን ፊቴን አዙሬ እሸሽ ነበር። እንቅልፌ ተመልሷል። ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለኝ እውነቱን እነግረዋለሁ፤ ከባድ ቀን ከሆነ ከባድ ነው እላለሁ፤ በዚህም የሸሸኝ ሰው የለም።

አዛውንቱ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ባለፈው ክረምት የካስማዎቹን ጉድጓዶች ከእሳቸው ጋር ደፈንናቸው፤ በአንደኛው ላይ ከቤታቸው ይዘው የመጡትን ጤና አዳም ተከሉበት፣ ጸድቋል። ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ፤ ቆይቼም ቢሆን ለመድሁት። ከረከቦቱ ላይ ካሉት ስድስት ስኒዎች አንዱ ከንፈሩ ሸረፍ ያለ ነው፤ ባለቤቴ የምትጠጣበት እሱ ነበር፣ ከሞተችበት ቀን ጀምሮም ከመደርደሪያው አልወረደም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አወረድሁት፣ አጠብሁት፣ ጤና አዳም ጣል አድርጌበት ለእሳቸው ቀዳሁላቸው። ስኒውን በጣታቸው ዞር አድርገው ሸራፋውን አዩና «የእሷ ነው አይደል?» አሉኝ። «አዎን» አልኋቸው። አቦሉን ጠጡ፣ ቶናውን ጠጡ፣ በረካውም እስኪደርስ ድረስ ካቦርታቸውን አውልቀው ተቀመጡ።

አክባሪያችሁ፣
ከአራት ኪሎ፣ የዘወትር አንባቢያችሁ